የዩናይታስ ጠበቃ

ቁርስ ቤቴ ባልቲሞር ከተማ ዳር፣ ደንዳልክ ውስጥ ነው፤ ከተዘጋው የብረት ፋብሪካ ብዙ አይርቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የፋብሪካው ጡረተኞች መስኮቱ ጥግ ያለውን ጠረጴዛ ይይዙና በአሜሪካን ፉትቦል ታሪክ ትልቁ ኳርተርባክ ማን ነው እያሉ ይጨቃጨቃሉ። ኳስ ወርውሮ ቡድን ስለሚመራ አንድ ሰው ዕድሜ ልክ መነታረክ ምን ይሉታል? ጆሮዬን አደንቁረውታል። ግን ደህና አድርገው ይበላሉ፣ ስለዚህ አላባርራቸውም።

ሌናርድ ቪሽኔቭስኪ የጆኒ ዩናይታስ ጠበቃ ነው። ዩናይታስ እዚሁ ባልቲሞር የተጫወተ ስለሆነ በሰፈራችን እሱን ማድነቅ ብርቅ አይደለም፤ ሌናርድ ግን የቀሩትን ተጫዋቾች ሁሉ እንደ ቀማኛ ነው የሚያያቸው። ዋናው ባላጋራው ቨርሊን ታኬት ነው፣ ከምዕራቡ ተራራማ ገጠር ለፋብሪካው ሥራ መጥቶ እዚሁ የቀረ። የሱ ሰው ጆ ሞንታና ነው። ክሌመንት ህሩስካ ደግሞ ከቶም ብሬዲ ወዲያ ወንድ የለም ባይ ነው።

"ሰባት ዋንጫ!" ይላል ክሌመንት። "መቁጠር አታውቁም እንዴ?"

"የዛሬዎቹንማ ነፋስ ሲነካቸው ዳኛው ፊሽካ ይነፋላቸዋል" ይላል ሌናርድ። "ዩናይታስ አፍንጫው እየደማ ነበር የሚወረውር!"

"ሞንታና ግን የፍጻሜ ጨዋታ ተሸንፎ አያውቅም" ይላል ቨርሊን።

"አሰልጣኙ እያዘዘው! ዩናይታስ ጨዋታውን ራሱ ነበር የሚያዝ፣ አንተ ደንቆሮ።"

እንዲህ ሲሉ ኖሩ። ነሐሴ ላይ ሌናርድን ስትሮክ መታው። እግሩ ዳነ፣ አንደበቱ ግን እንደተዘጋ ቀረ። ሐኪሞቹ፣ ቃላቱ አልጠፉም፣ ከሞከረ ይናገራል አሉ። እሱ ግን አይሞክርም። ሚስቱ ቴሬሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቁርስ ቤቱ መልሳ ስታመጣው ሁለቱን ጓደኞቹን ወደ ጎን ጠራቻቸው።

"አንዲት ቃል ብሰማ ሌላ አልፈልግም" አለች። "ብቻ አደራ፣ እንዳታናድዱት።"

ታዘዟት።

"መቼም እውነቱን እንነጋገር ከተባለ" አለ ቨርሊን ሳህኑን እያየ፣ "ዩናይታስን የሚያክል የለም።"

"እኔም ሳስበው እንደዚያው ነው" አለ ክሌመንት። "ዋንጫው ይቅር።"

ሌናርድ አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ። ከዚያ ስለ ዝናብ አወሩ። የሌናርድ እንቁላል ሳይነካ ቀዘቀዘ። ስንት ዓመት ዝም በሉ ስል የኖርኩት እኔ እንኳ ጸጥታው አስጠላኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜም ያው ሆነ። ሌናርድ ከስቷል። ቴሬሳ ልትወስደው መጥታ በር ላይ ቆማ፣ "ቤትም ግድግዳ ግድግዳውን ነው የሚያየው" አለችኝ። ለመንገድ አንድ ቡና ቀድቼ ሰጠኋት።

ከዚያ ወዲያ ባለው ቅዳሜ ቴሬሳ አስቀምጣው ልትወጣ ስትል ቨርሊን፣ "ዩናይታስ ነው፣ አለቀ" አለ፤ እንደ ጸሎት ማሳረጊያ ለምዶታል። ሌናርድ በደህናው እጁ ጠረጴዛውን ደበደበው። ቡናው ተደፋ። ፊቱ ቀላ፣ የአንገቱ ሥር ተገታተረ።

"ሞን..." አለ። "ሞን...ታና።"

ቴሬሳ አፏን በእጇ ያዘች።

"ምን አልክ?" አለ ቨርሊን።

"ሞንታና። ይበልጣል።"

"አይዞህ ሌን፣ ተደባልቆብህ ነው..." ብሎ ክሌመንት ሊያባብለው ሲጀምር ቨርሊን በክርኑ ጎሸመው። ሌናርድ ምንም አልተደባለቀበትም። ዓይኑን ከቨርሊን ላይ አልነቀለም፤ የድሮው ነገር ፈላጊ ዓይኑ ነው። ሁለቱም ወደሱ ወገን ስለዞሩ እሱ ወደዚያኛው ተሻገረ፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ቨርሊን ገባው። እጅጌውን ሰበሰበ።

"አንተ ከሃዲ!" ብሎ ቤቱን አናጋው። "ሞንታና? አሰልጣኙ እያዘዘው? ዩናይታስ ጨዋታውን ራሱ ነበር የሚያዝ! አፍንጫው እየደማ ነበር የሚወረውር!" ዕድሜ ልኩን ሲጠላው የኖረውን ክርክር አንዲት ቃል ሳያጎድል ደገመው፤ እንባው ጉንጩ ላይ ይወርዳል፣ አልጠረገውም።

ሌናርድ ሹካውን አነሳ። ከእንቁላሉ ጎረሰ፣ ቀስ ብሎ አኘከ፣ ራሱን በንቀት ነቀነቀ።

"አታ...ውቅም" አለው።

ቴሬሳ ካፖርቷን አውልቃ ወንበር ሳበች።