የሚያንኮራፋው ፍሪጅ

ሶን በወላጆቹ ቤት የሚያፍርበት ነገር ቢኖር ፍሪጁ ነበር። አባቱ በወጣትነቱ ሞስኮ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ቆይቶ በመርከብ ጭኖት የመጣ፣ እጀታው በሽቦ የታሰረ አሮጌ ፍሪጅ ነው። ቀን ከሌት ያንኮራፋል። ሲንቀጠቀጥማ ላዩ ላይ የተደረደሩት ሳህኖች አብረውት ይንጫጫሉ። በቬትናሟ ሀይፎንግ ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ጉድ ያለበት ሌላ ቤት የቀረ አይመስለውም። አዲስ ልግዛላችሁ ብሎ ስንቴ ለመናቸው! አባቱ «ምን በደለህ?» ይለዋል። እናቱ ደግሞ «እኔ ስሞት ትጥለዋለህ» ትላለች።

አሁን ግን የእጮኛው የትራም ወላጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት አይተው ሊተዋወቁ ሊመጡ ነው። በዋዜማው ወላጆቹ ለወሩ መባቻ ጸሎት ፓጎዳ ሲሄዱ፣ ሶን ቁራሌዋን ሴትዮ ጠርቶ አሮጌውን አስወጣና በቦታው አዲስ አስገባ።

እናቱ ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«ቤቱ ምን ሆነ? ጭር አለብኝ።»

«አዲስ ፍሪጅ ነው እማዬ። ይኼኛው አያንኮራፋም።»

አባቱ በንዴት ጦፈ። «ማን ንካ አለህ? አሁኑኑ ሂድና አምጣው!»

«ቁራሌዋ እኮ ፈታታችው አባዬ።»

«ተወው በቃ» አለች እናቱ የባሏን ክንድ እንደያዘች። «ልጁ ሊያገባ አይደል? ሰው ፊት አይፈር።»

ሶን አሸነፍኩ ብሎ ደስ ብሎት ተኛ።

ቤታቸው እንደ ሠፈሩ ቤት ሁሉ ጠባብና ረጅም ነው። ወጥ ቤቱ ከኋላ፣ ሳሎኑ ከፊት፣ መሃሉ መስኮት የሌለው ጨለማ መተላለፊያ። ፍሪጁ እዚያ መተላለፊያ ውስጥ ነው፤ እሱን አለፍ ሲሉ ወደ ሳሎን የሚያወርድ ደረጃ አለ። እንግዶቹ መጥተው ሲቀመጡ እናቱ ሻዩን ራሴ ካላቀረብኩ አለች። አባቱ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «እኔ ላምጣው» ሲል፣ «አንተ ከእንግዶቹ ጋር ተጫወት!» የሚል ድምፅ ከወጥ ቤት መጣ። ሶን በአባቱ መቅበጥበጥ ተሸማቀቀ።

ወዲያው እናቱ ደረጃውን ስታ፣ ትሪውን እንደያዘች በግንባሯ ተደፋች። ትኩሱ ሻይ የትራም አባት ሱሪ ላይ ፈሰሰ። ሶን መጀመሪያ ያየው የአማቶቹን ፊት ነው።

«ምነው እማዬ፣ አታዪም እንዴ?» ብሎ ጮኸ።

«አታይም» አለ አባቱ።

ወደ ልጁ ዞረ።

«ዓይኗ ከጠፋ ቆየ። ሰርጉ ሳያልፍ እንዳትነግረው ብላ አስምላኝ ነው። በሽታ ያለበት ዘር ናቸው ተብሎ ጋብቻው እንዳይፈርስ ፈርታ። የዚያን ፍሪጅ ድምፅ እየሰማች ነበር ቤቱን የምትዞረው።»

ሶን መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። በየሳምንቱ ይመጣል፣ ከእጇ ይበላል፤ እሷም ፊቱን እየዳሰሰች «ከስተሃል?» ትለዋለች። ናፍቆት ይመስለው ነበር። በፍሪጅ ያፈረው ሰውዬ አሁን በራሱ አፈረ፤ ቀና ብሎ ትራምን ማየት እንኳ አቃተው።

እናቱ በትራም እናት ተደግፋ ተነሣች። «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ሌላ ሻይ አመጣለሁ» አለች።

ትራም ልትይዛት እጇን ስትዘረጋ፣ «ተቀመጪ ልጄ፣ ዛሬ እንግዳ ነሽ» ብላ ሸሸቻት። ደረጃውን በእግሯ ዳብሳ ወጣችና መተላለፊያው አፍ ላይ ቆመች። ካሁን አሁን ትሄዳለች ሲባል ንቅንቅ አላለችም።

ሶን ሮጦ አለፋትና ጀርባውን ለአዲሱ ፍሪጅ ሰጥቶ ቆመ። ከዚያ አማቶቹ እያዩት ማንኮራፋት ጀመረ። ጆሮው እስኪግል አፈረ፤ ግን አንኮራፋ።

እናቱ ጆሮዋን ጣል አደረገች። ቀስ እያለች መጣች፤ በአጠገቡ ስታልፍ «የድሮው ይሻል ነበር» ብላው ወደ ወጥ ቤት ገባች። ትሪውን ይዛ ስትመለስም ሶን አላቋረጠም። እግሯ ደረጃውን እስኪያገኝ ድረስ ማቆም ፈርቶ ነበር።