የተረታ ሻይ ያፈላል

«እትዬ፣ ይቀመጡ አልኩ እኮ» አለች የሟች ታናሽ እህት፣ ማንቆርቆሪያውን ከእጇ ተቀብላ። ሐዘንተኛ ማድቤት አይገባም ተብሎ ስለተፈረደባት የእንግሊዝኛ መምህሯ ተመልሳ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ፊት ለፊቷ የባሏ ወንበር ነበር። ቤቱ በሰው ቢሞላም እዚያ ላይ ለመቀመጥ የደፈረ የለም።

ባሏ የፈረንሳይኛ መምህር ነበር። ለዓመታት በዚሁ የምግብ ጠረጴዛ ላይ የሦስት ቋንቋ መዝገበ ቃላት ሲያዘጋጁ፣ እንግሊዝኛው የእሷ፣ ፈረንሳይኛው የእሱ፣ አማርኛው የጋራ ርስታቸው ነበር። በአማርኛው ይጣላሉ። የተረታ ሻይ ያፈላል። እሱ ሲረታ እንኳ «ውሃው እስኪፈላ አስብበታለሁ» እያለ ነበር የሚነሳው። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው የማንቆርቆሪያውን ፉጨት ሲሰማ በግድግዳው ማዶ «ዛሬ ማን ተረታ?» ብሎ ይጮኻል።

የመጨረሻው ጠብ በእንግሊዝኛው «ዲቪዬሽን» እና በፈረንሳይኛ አቻው «ዴቪያሲዮን» ነበር። እሷ ለሁለቱም ቋንቋ «ማፈንገጥ» የሚል አንድ ፍቺ ይበቃል አለች፤ ከደንብ የወጣ ሰው፣ ከአማካዩ የራቀ ቁጥር፣ ከዕቅዱ የወጣ ሥራ፣ ሁሉም አፈንጋጭ ነው።

«እንግሊዞቹስ እሺ» አላት። «ፈረንሳዮቹ ግን ዴቪያሲዮንን መንገድ ሲዘጋም ሰሌዳ ላይ ይጽፉታል። በዚህ ዙሩ፣ ትደርሳላችሁ ማለታቸው ነው። ለዚያማ እንግሊዝኛው ሌላ ቃል አለው። ‹ተለዋጭ መንገድ› የሚል ፍቺ ይጨመርልኝ።»

እሷም የመንገድ ሰሌዳ መዝገበ ቃላት አይገባም ብላ ድርቅ አለች። ነገ እንጨርሰዋለን ብሎ እየሳቀ ተኛ። ጠዋት ልቡ ከዳው።

አሁን ማተሚያ ቤቱ የቀረችውን አንዲት ገጽ ይጠብቃል። እሷ ግን አልላከችም። ብታምንለት ክርክሩ ያልቃል፤ ክርክሩ ካለቀ ደግሞ እሱ በእውነት ሞተ። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

ልብስ ሰፊው ለቀስተኛውን እያሳቀ ነበር። ሟች የሱቄን ሰሌዳ ደጋግመው አርመውልኛል፣ ደንበኛ ግን አልጨመሩልኝም አለ። ይህን ጊዜ ሹፌር የሆነው የባሏ ወንድም አቧራ ለብሶ ገባ፤ ከኋላው አክስቱ ወገቧን ይዛ ታቃስታለች። ዋናው መንገድ ተቆፍሮ ነው የዘገየነው ሲል፣ አክስትየው ዋሸ፣ መንገድ ስቶ ነው አለች።

«ምን ሳትኩ፣ አክስቴ?» አለ ሹፌሩ። «ሰሌዳው ዙር አለኝ፣ ዞርኩ። ያሰብኩት ቤት ገባሁ አይደል?»

መምህሯ ቀና ብላ አየችው። ይህን አቧራ የለበሰ ሰው አፈነገጠ ልትለው ሞከረች፤ ቃሉ አፏ ላይ እምቢ አለ። ሰውየው ዞረ እንጂ ከመንገዱ አልወጣም። መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ፣ ከቀብሩ ወዲህ እምቢ ያላት እንባ መጣ። ወደ ወንበሩ ዞራ «እሺ፣ ይጨመርልህ» አለች በለሆሳስ።

ተነሥታ ማድቤት ገባችና ማንቆርቆሪያውን ያዘች። የባሏ እህት ልትቀማት ስትል «ተይኝ» አለቻት፤ «ዛሬ ተራው የኔ ነው።»

ማንቆርቆሪያው ሲያፏጭ ልብስ ሰፊው ካፉ አመለጠው።

«ዛሬ ማን ተረታ?»

ሰውየው በድንጋጤ አፉን በእጁ ያዘ። መምህሯ ማድቤቱ በር ላይ ብቅ አለች። ፈገግ ብላ፣ እንደ ተማሪ እጇን አወጣች።