የዳነችው ሰዓዳ

ሰዓዳ ከሆስፒታል በወጣች በሦስተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ የዳነችው ሰዓዳ መጣች።

አላንኳኳችም። የራሱን ቤት ማን ያንኳኳል? ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ከሰዓዳ ጫማ ጎን አስቀመጠች። የሁለቱም የግራ ተረከዝ ወደ ውጭ የተበላ ነበር። ከዚያ መስኮቱን ከፈተች፣ ጠያቂዎች ያመጡትን ብርቱካን ሳህን ላይ ደረደረች፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ስትቀመጥ ሆዷን አልያዘችም።

«ማን ነሽ?» አለች ሰዓዳ።

«አንቺ ነኝ። ድኛለሁ።»

«እኔ እኮ ገና አልዳንኩም።»

«አየሁ» አለችና ትራሷን አስተካከለችላት።

እዚህ ላይ ነገሩን ትንሽ ማስረዳት ያስፈልጋል። ሰዓዳ ኮምቦልቻ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት። ጠጠር የሞላውን የሐሞት ከረጢቷን ሲያወጡላት እንደ ድሮው ሆዷን በረጅሙ አልቀደዱትም፤ አራት ትንንሽ ቀዳዳ ነው የበሱት። በአንዱ ካሜራ ይገባል፣ በሌሎቹ መሣሪያ። ሐኪሙ በደንብ እንዲያይ ሆድ በጋዝ ይነፋል፤ የተረፈው ጋዝ ታዲያ ለጥቂት ቀን ትከሻን ሳይቀር ያማል። ቆዳው ቶሎ ይገጥማል። ውስጡ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚድነው፤ ውስጡን ደግሞ ጠያቂ አያየውም። ጠያቂ የሚያየው አራት ፕላስተር ነው፤ እያንዳንዱ ከቴምብር አይበልጥም።

መጀመሪያ የመጡት ጎረቤቷ እትዬ ዘውዴ ነበሩ። ሁለቱን ሰዓዳዎች አዩ።

«እሰይ! ተነስተሻል ለካ!» ብለው የቆመችውን አገላብጠው ሳሟት። ከዚያ ወደ አልጋው ዞሩ። «አንቺስ እንዴት ነሽ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» አለች ሰዓዳ።

ትከሻዋ ሊገነጠል ደርሶ ነበር። ግን ሰው ሲጠይቅ ሌላ ምን ይባላል? እናቷ ስትሞትም የመጨረሻ ቃሏ ይኸው ነበር።

«ታዲያስ! እኔ እኮ ከዚህ እስከዚህ ነው የተተለተልኩት» አሉ እትዬ ዘውዴ፣ ከደረታቸው እስከ እምብርታቸው በጣታቸው እያሰመሩ። «ያንቺማ ምኑ ቀዶ ጥገና ነው፣ የቁንጫ ንክሻ! አብሽሪ።»

ያኔ የሰዓዳ እጅ ቀለላት። ስታየው የብርድ ልብሱ አበባ በመዳፏ ውስጥ አልፎ ታያት። የዳነችው ጉንጭ ደግሞ ቀላ አለ።

እስከ ቀትር ስድስት ሰው መጣ። ስድስት ጊዜ ተጠየቀች፣ ስድስት ጊዜ ደህና ነኝ አለች። በአምስተኛው ላይ ፍራሹ ከሥሯ መጎድጎዱን ተወ። ስድስተኛዋ ጠያቂ ያመጣችውን የብርቱካን ፌስታል ሰዓዳ እግር ላይ አስቀመጠችው፤ ፌስታሉ ግን እግሯን አልፎ ፍራሹ ላይ አረፈ።

ሰዓዳ ሆስፒታል ደወለች። ያነሳችው ስትወጣ የሸኘቻት ነርስ፣ ሲስተር ትብለጥ ነበረች።

«የዳነችው መጥታለች» አለቻት።

«በስንተኛው ቀን?»

«በሦስተኛው።»

«ቸኩላለች። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መምጣት አልነበረባትም። ደህና ነኝ እያልሽ ነው አይደል?»

«ታዲያ ሲጠይቁኝ ምን ልበል?»

«ስትወጪ ነግሬሽ ነበር እኮ፤ ቤተሰብሽ ስንት ቀን እንደምትተኚ ከወዲሁ ይወቅ ብዬሻለሁ። አሁን ለአንድ ሰው ‹አሞኛል› በይ። አንድ ሰው ይበቃል። ግን ዛሬውኑ ይሁን፣ ድምፅሽ እየራቀ ነው።»

ባሏ ይማም ለምሳ ከዱቄት ፋብሪካው መጣ። ቅንድቡ ነጭ ነበር። አልጋውን አየ፣ ምሳ የምታቀርበውን አየ።

«ጎሽ» አለ እጁን እየታጠበ። «የሚዜዎቹ ቀሚስ ለቅዳሜ ነው፤ እንዴት ይደርሳል ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር።»

«ይማሜ» አለች ሰዓዳ።

ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ መጣና ጎንበስ አለላት። ትንፋሿን ሰበሰበች። ቃሉ ጉሮሮዋ ድረስ ወጣ፤ ምላሷ ላይ ደረሰ።

«ደህና ነሽ አይደል?» አላት። ዓይኖቹ አስቀድመው ደስ ብሏቸው ነበር።

«ደህና ነኝ።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለና ሄዶ በላ። ወዲያው ወደ ሥራው ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ አልጋው ላይ የቀረው አንሶላ ብቻ ነው። ሰዓዳ አንሶላው ውስጥ ነበረች። ጣሪያው ይታያታል፣ የመንገዱ ባጃጅ ይሰማታል። የምትተነፍሰው በአራት ትንንሽ ቀዳዳ ነበር፤ አንዱ መሐል ላይ፣ ሦስቱ ከፍ ብለው ወደ ቀኝ።

የዳነችው አንሶላውን አንስታ ወደ ብርሃን ዘረጋችው።

«ተበሳስቷል» አለች።

ከስፌት መኪናው ፊት ተቀመጠች፣ ነጭ ክር መርጣ አስገባች፣ ፔዳሉን ረገጠች። መርፌው ሲወርድ ሰዓዳን አመማት፤ እንዲህ አሟት አያውቅም። አንደኛው ቀዳዳ ተዘጋ። ሁለተኛው። ሦስተኛው። በቀረችው አንዲት ቀዳዳ አየር መሳብ ክር በመርፌ ቀዳዳ እንደማሾለክ ነበር።

በር ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ። እትዬ ዘውዴ ጃንጥላቸውን ረስተው ኖሮ ተመልሰው መጥተዋል።

«ሰዓዳ! እንዴት ዋልሽ?»

የዳነችው እግሯን ከፔዳሉ አነሳች። እጆቿን አጣምራ ወደ አንሶላው እያየች ጠበቀች።

አራተኛው ቀዳዳ ተከፈተ።

«አልሐምዱሊላህ» አለ ከጨርቁ ውስጥ የወጣው ቀጭን ድምፅ፤ «ደህና ነኝ።»

እትዬ ዘውዴ ጃንጥላቸውን ይዘው ሄዱ። የዳነችው የተንጠለጠለውን ክር በጥርሷ በጠሰችና የመጨረሻዋን ቀዳዳ መርፌው ሥር አስገባች። በቀዳዳዋ ዙሪያ ጨርቁ ቶሎ ቶሎ ከፍ ዝቅ ይል ነበር። እንዳይንቀሳቀስ በመዳፏ ጫን አድርጋ ያዘችው።