የሚጠራው ስም

አማቴ የደወሉት አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሁለቱም እጆቼን ሙጫ ስለነካቸው ስልኩን በትንሿ ጣቴ ነክቼ ድምፁን ከፈትኩት።

«ታናሹን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያስገቡታል፤ ልቡን ሊከፍቱት ነው» አሉኝ። «ልጄ፣ ከመግባቱ በፊት ጸልዪለት።»

«እሺ፣ እማማ።»

«እሺ ብቻ አይደለም፣ ስሙን ጠርተሽ። መጀመሪያ የእሱን፣ ከዚያ የእኔን።»

«አውቃለሁ፣ እማማ።»

«ከገባ በኋላ ዋጋ የለውም። ሰምተሽኛል?»

የአይሁድ ሕጋችን እንዲህ አይልም። ከንቱ ጸሎት የሚባለው የሆነውን ነገር እንዳልሆነ አድርግልኝ ብሎ መለመን ነው፤ በር ላይ ያለ በሽተኛና ውስጥ የገባ በሽተኛ ልዩነት የላቸውም። ግን ከአማቴ ጋር ስለ ሕግ አልከራከርም። ሁለት ልጆች ነበሯቸው። አንደኛውን፣ ባሌን፣ ከአምስት ወር በፊት ቀብረናል።

የምሠራው የከተማው ሕንፃዎች ንድፍ በሚቀመጥበት ምድር ቤት ነው። የተቀደደ ንድፍ ሲመጣልኝ ከጀርባው ስስ ወረቀት እለጥፍበትና በሁለት ሳንቃ መሐል አድርጌ እጫነዋለሁ። ሙጫው እስኪደርቅ ሃያ ደቂቃ ያህል እጄን አጣጥፌ መቀመጥ ነው። የከሰዓቱን ጸሎት የማደርሰው በዚያች ሃያ ደቂቃ ነው፤ በመጨረሻው መደርደሪያና በእሳት ማጥፊያው መካከል፣ ፊቴን ኢየሩሳሌም ወዳለችበት ማዕዘን አዙሬ።

የቁም ጸሎታችን ቃሉ የተወሰነ ነው። እግር ገጥሞ፣ ከንፈርን ብቻ እያንቀሳቀሱ፣ ሌሎች ስንት ዘመን ያሉትን መልሶ ማለት ነው። የራስን ጉዳይ የሚያስገቡበት ቦታም አለው፤ ስለ ፈውስ በሚለምነው ቡራኬ ላይ የበሽተኛው ስም ከእናቱ ስም ጋር ይጠራል። እዚያ ቦታ ላይ ሰባት ወር ሙሉ የባሌን ስም ጠርቻለሁ፤ መጀመሪያ በሐኪም ቤቱ ኮሪደር፣ ቀጥሎም አልጋው አጠገብ። ከሞተ በኋላም ምላሴ አልተወውም። በየቀኑ እዚያ ስደርስ ስሙ ይወጣል። ለሞተ ሰው ፈውስ! ከዚህ የበለጠ ከንቱ ጸሎት የት ይገኛል?

ዛሬ ደግሞ በዚያው ቦታ የዋርሳዬን፣ የባሌን ታናሽ ወንድም ስም ልጠራ ነው።

ዋርሳዬን አልወደውም። ባሌ በተኛባቸው ሰባት ወራት አንድ ቀን መጣ። ካፖርቱን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆመና መኪናውን የማይቆምበት ቦታ እንዳቆመ ነገረን። በቀብሩ ቀን ግን ከሁላችንም በላይ ያለቀሰው እሱ ነው። ሰዉ እኔን ትቶ እሱን ደገፈ።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ የፍሳሽ መስመሩን ንድፍ በሳንቃ መሐል ጭኜ ቆምኩ። ሦስት እርምጃ ወደፊት ሄጄ እግሬን ገጠምኩ። የመጀመሪያዎቹ ውዳሴዎች እንደ ውኃ ፈሰሱ። ፈውሱ ላይ ስደርስ የባሌ ስም ከነእናቱ ወጣ። የሰማሁት ከወጣ በኋላ ነው። መሐል ላይ ማቋረጥ አይገባም፤ አቋረጥኩ።

«ዛሬስ መደርደሪያው ምን አለሽ?»

ዘበኛው ነው። ስጸልይ ባየኝ ቁጥር ከመደርደሪያ ጋር ታወሪያለሽ ይለኛል።

«አልመለሰልኝም፣ ጋሼ።»

«እኔንም ሚስቴ እንዲሁ ነው የምታደርገኝ። ኢንጂነሩ የፍሳሹን ንድፍ አሁኑኑ አምጪ ብሏል።»

«ገና እርጥብ ነው በለው።»

«ፍሳሽ መቼ ደርቆ ያውቃል ይለኛላ!» እየሳቀ ደረጃውን ወጣ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ሌላ ዘዴ ሞከርኩ። የዋርሳዬን ስም በብጣሽ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጻፍኩና በጸሎት መጽሐፉ ገጽ ላይ አስቀመጥኩት። ማንበብ የማያውቅ ሰው አይደለሁም። ምላሴ ግን ዓይኔን ቀደመው። መጽሐፉን በኃይል ዘጋሁት፤ ወዲያው አፍሬ ሳምኩት። ብጣሿን ወረቀት ጨምድጄ ጣልኩና መልሼ አነሳኋት፤ የበሽተኛ ስም ነው፣ በሽተኛ ደግሞ መሬት ላይ አይጣልም።

ተቀመጥኩ። ምላሴ ነው እያልኩ ራሴን ሳታልል ነበር የቆየሁት። ልብሱን ሰጥቻለሁ፤ መነጽሩን ለአማቴ ወስጃለሁ፤ ሐኪም ቤቱም ማህደሩን ዘግቷል። ከዚያች ቡራኬ በቀር ገና በሽተኛ ሆኖ የሚቆይበት ቦታ አልቀረውም ነበር። በሽተኛ ደግሞ ሊድን ይችላል። ያንን ቦታ አንስቼ በር ላይ ቆሞ ለሄደው ሰው እንድሰጥ ነው የተጠየቅሁት። ሰዓቱ ስምንት ከአርባ ሆነ።

እንደገና ቆምኩ። ፈውሱ ላይ ስደርስ ጥርሴን ነከስኩ። የባሌ ስም እስከ ከንፈሬ መጣ፤ ዋጥኩት። የዋርሳዬን ስም ፈለግሁ፣ እምቢ አለኝ። ከዚያ የአማቴን ስም ብቻ ጠራሁ። «የቀረላትን ልጅ» አልኩ። ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው ያልኩት የገባኝ። ቀሪዎቹን ቡራኬዎች እስከ መጨረሻው አደረስኩ፤ ሦስት እርምጃ ወደኋላ ስመለስ ትከሻዬ ከመደርደሪያው ጋር ተጋጨ።

ማታ አራት ሰዓት ላይ አማቴ ደወሉ።

«ወጣ! ነቅቷል! ትራሱ ጠነከረብኝ ብሎ ነርሷን እያስጨነቃት ነው።»

«እሰይ፣ እንኳን ደስ አለዎት እማማ።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ለእሳቸው ደስ ብሎኛል። ግን ለአንዱ ሰባት ወር ሙሉ ስሙን ከነእናቱ፣ ሳልሳሳት፣ በሙሉ ልቤ ጠራሁ። ለሌላው አንድ ጊዜ፣ ያለ ስም፣ ጥርሴን ነክሼ። ይህ ምን ዓይነት አሠራር ነው? ለማን ነው አቤት የሚባለው? አቤት የምለው ለዚያው ለሰማኝ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሁሉ እዚያው ይዞራል።

«ስሙን ጠርተሽለት ነው» አሉ አማቴ። «ጠርተሽዋል አይደል?»

ዝም ብል ይሻል ነበር።

«አልጠራሁትም፣ እማማ። የእርስዎን ብቻ ነው የጠራሁት። የቀረላትን ልጅ አልኩ።»

ከክፍሉ ወጥተው በሩን ሲዘጉ ሰማሁ።

«እኔም ጠዋት ሦስቴ ሞክሬ የመጣብኝ የትልቁ ስም ነው» አሉኝ። «ለዚህ ነው አንቺ ዘንድ የደወልኩት።»

ወዲያው ስልኩን ዘጉት።

በማግሥቱ አዲስ ንድፍ በሳንቃ መሐል ጭኜ ስነሳ ዘበኛው ከደረጃው ሥር ቆሞ ያየኛል።

«ዛሬስ ምን ልትለምኚ ነው?»

«ምንም።»

«ምንም ካልሆነ ታዲያ ምን ያስቆምሻል?»

ባውቅ እነግረው ነበር።

«ሰዓቱ ደርሷል፣ ጋሼ» አልኩትና ፊቴን ወደ ማዕዘኑ አዞርኩ። ፈውሱ ላይ ስደርስ ማንንም አልጠራሁም፤ ቃሉን እንደተጻፈ ብቻ አልኩት። ቡራኬው ስም ካልገባበት አንድ ትንፋሽ እንኳን አይሞላም።