ሁለተኛው የራሽን ካርድ

ከሚስቴ ከሎሚ ጋር ተፋታን ብዬ ለቀበሌው ማመልከቻ የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ። አንድም ፊደል አልሳትኩም። በቀበና ወንዝ ዳር ባለው ሰፈራችን ብዙ ባልና ሚስት እንዲህ ያደርጉ ነበር፤ ለብቻው የተመዘገበ ሰው ለብቻው የራሽን ካርድ ያገኛል። እኔ ከጣውላ መሰንጠቂያው ተቀንሻለሁ። ሎሚ ከእንጦጦ ተሸክማ የምታወርደውን ጭራሮ የደን ጥበቃዎች በተከታታይ ነጥቀዋታል። ለአምስት ነፍስ የሚታደለን ጤፍ ወሩን አያጋምስም።

ነገሩን በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን ላጋቡን ለአባ ገብረማርያም ነገርኳቸው። “ልጆችህን ማብላትህን ኃጢአት ነው አልልህም” አሉኝ። “ቤተሰብ ካልተለያየ እህል የማይሰጥ ደንብ ነው ጥፋቱ። ቤተሰብ ከመንግሥት በፊት የነበረ ነው። ቢሆንም ዘነበ፣ ውሸቱን ቶሎ አስተካክለው።”

“እሺ አባ” አልኩ። የቀበሌውን ሊቀመንበር ማናገር አፍሬ ዛሬ ነገ ስል ሦስት ወር አለፈ።

ከዚያ የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ መጣ። ቀበሌያችን ኮታውን ከላጤዎች ጀመረ። ሰኞ ጠዋት አብዮት ጠባቂዎች ከቤቴ ወስደው የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ አስቀመጡኝ። ረፋዱ ላይ ሎሚ ትንሹን ልጃችንን አዝላ፣ አባም የጋብቻ መዝገባቸውን ይዘው መጡ።

“ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ ሰው ሚስትና ሦስት ልጆች አሉት” አሉ አባ። “ይኸው ፊርማው።”

“ላጤ ሆኖ ሦስት ልጅ! ጎበዝ ነው!” አለ በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ።

ሊቀመንበሩ ጓድ ወርቅአየሁ መዝገቡን እንኳ አላየውም። “አባ፣ የእርስዎ መዝገብ ዱቄት አያድልም። በእኔ መዝገብ ብቸኛ ነው።”

“ጋብቻ በማመልከቻ አይፈርስም።”

“እሱ ግን አፍርሶታል። ያውም እንዴት ባለ የእጅ ጽሑፍ!” ማመልከቻዬን ፊቴ ዘረጋው። “ስማ ዘነበ። ባለትዳር ከሆንክ እለቅሃለሁ። ግን ያኔ በሁለት ካርድ የሕዝብ እህል በልታችኋል ማለት ነው። ሁለቱም ካርድ ይሰረዛል፣ እሷም ትታሰራለች። በል ተናገር፤ ሚስትህ ናት?”

ሎሚን አየኋት። ከንፈሯን ነክሳ ታየኛለች። “ናት በል” ትበለኝ “ተው” ትበለኝ መለየት አቃተኝ። አባን ላለማየት ወለሉን አየሁ።

“ተፋተናል” አልኩ።

“ዘነበ!” አሉ አባ።

ሊቀመንበሩ ስሜ ላይ ምልክት አደረገ። ውጭ የጭነት መኪናው ሞተሩን አስነስቷል። ተሰልፈን ስንወጣ ሎሚ ጥበቃውን ገፋ አድርጋ ተጠጋችኝ።

“ይበርድሃል። ሮጥ ብዬ ጋቢህን ላምጣልህ?”

“አንቺ፣ እሱ ተፋተናል እያለሽ!” ብሎ ጥበቃው ሳቀባት።

ጋቢውን ለልጆቹ አልብሻቸው ልላት አፌን ከፈትኩ። እንዲህ የሚለው ግን ባል ነው። መኪናው ላይ ወጣሁ።