የእትዬ የኔአለም ሰዓት

ጋሼ ባዘዘው ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልለው ወደ ሱቄ ገቡ። ነጠላውን ሲገልጡት ወዲያው አወቅሁት። ይጁቤ ከተማ ስማር የትምህርት ቤታችን ጸሐፊ የነበሩት የእትዬ የኔአለም ማሽን ነው። ጡረታ ሲወጡ ትምህርት ቤቱ መርቆ ሰጣቸው፤ አምና ሰኔ ላይ አረፉ። ጋሼ ባዘዘው ባለቤታቸው ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ እዚህ ደብረ ማርቆስ ልጃቸው ዘንድ ይኖራሉ።

«ይታያል የሚባለው ልጅ የኮምፒውተር ሐኪም ሆኗል ሲሉኝ አላመንኩም ነበር» አሉኝ። «ይኸው በሽተኛ አመጣሁልህ።»

«ምኑን አመመው፣ ጋሼ?»

«ቃል አምጣ ይለኛል። ቃሉን ነግራኝ ነበር፤ ረሳሁት። በልጆቹ ስም ሞከርኩ፣ በታቦቱ ሞከርኩ፣ ሌላው ቀርቶ በሞተችው ላማችን ስም ሞከርኩ።»

አበራሁት። ዊንዶውስ ገና ሳይመጣ፣ በጥቁሩ ስክሪን ላይ የይለፍ ቃል ጠየቀ። ባዮስ የሚሉት፣ ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚነቃው ክፍል ነው የተቆለፈው። ቀንና ሰዓት የሚስተካከሉትም እዚያው ነው።

«የሚፈልጉት ፎቶና ጽሑፍ ከሆነ ቀላል ነው። ዲስኩን አውጥቼ በፍላሽ እገለብጥልዎታለሁ።»

«ፎቶውንማ ልጆቹ ስልክ ላይ ሞልቷል። እኔ የምፈልገው ሰዓቷን ነው። እሷ የሞላችው ሰዓት አሁንም እየሄደ እንደሆን ልይ።»

የዚያን ሰዓት ነገር የማያውቅ ተማሪ አልነበረም። እትዬ የኔአለም የፈረንጅ ሰዓት አይሆንላቸውም። ጠዋት ቢሮ ሲገቡ ኮምፒውተራቸው ሁለት ሰዓት ይላል፤ ዓመቱም፣ ወሩና ቀኑም የኛው ነው። ከጽሕፈት መኪና የመጡ ስለነበሩ መስመር በጨረሱ ቁጥር ግራ እጃቸው የሌለውን እጀታ ሊገፋ ይነሳል። እኛ ማስረጃ ለማስጻፍ መስኮቱ ላይ ተደርድረን ያን እጅ እያየን እንስቅ ነበር።

«እትዬ፣ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስለቀሩ እኮ ነው ኢንተርኔቱ እምቢ የሚለው» ይሏቸዋል ወጣቶቹ መምህራን።

«እሱ እኔ ዘንድ ይምጣ እንጂ እኔ እሱ ዘንድ አልሄድም» ይላሉ፣ ዓይናቸውን ከሥራቸው ሳያነሱ።

ለምሳ ሲወጡ መምህራኑ ይቀይሩታል፤ ሲመለሱ እሳቸው ይመልሱታል። በመጨረሻ እትዬ በይለፍ ቃል ቆለፉት።

ለጋሼ ባዘዘው እውነቱን ነገርኳቸው። «ቃሉ ከጠፋ መንገዱ አንድ ነው። ውስጡ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለች። እሷን ካወጣኋት ይህ የድሮ ማሽን ቃሉን ይረሳል። ሰዓቱንም አብሮ ይረሳል።»

«ካልከፈትኸው አላየውም፤ ከከፈትኸው ደግሞ የለም።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«አሁን ግን ውስጡ እየሄደ ነው?»

«ባትሪዋ ካላለቀች እየሄደ ነው።»

ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን አስጠጉ። «አይሰማም» አልኳቸው። «አውቃለሁ» አሉ፤ ግን ወዲያው ቀና አላሉም።

«እንግዲያው ይቅር። እንደሄደ ይኑር» ብለው መልሰው መጠቅለል ጀመሩ። ዝም ብል ይሻል ይሆን ብዬ አሰብኩ። ግን ያልሆነ ነገር አምነው እንዲሄዱ አልፈለግሁም።

«ጋሼ፣ ማሽኑ የሚቆጥረው የፈረንጅ ወር ነው። ሠላሳ አንድ ቀን ያለው ወር አለው፤ ጳጉሜን ግን አያውቅም። እትዬ እየገቡ ያስተካክሉት ነበር?»

እጃቸው ቆመ። «በየወሩ ነዋ! ጳጉሜንማ በየጠዋቱ። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ወዴት ነው ስላት፣ ‹ሄጄ ዓመቱን ልያዘው፣ ሳይደርስ እንቁጣጣሽ ይላል› ትለኝ ነበር። ጎረቤት ይስቅብን ነበር።» እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። «ከአምና ሰኔ ወዲህ ማን አስተካከለው?»

«ማንም።»

ነጠላውን መልሰው ገለጡት። «እንግዲያ ብቻውን ሲንከራተት ነው የከረመው» አሉ በመጨረሻ። «ክፈተው።»

ብሎኖቹን በካቻቢቴ ፈታሁ። ባትሪዋን በጥፍሬ አንስቼ መዳፋቸው ላይ አኖርኳት፤ ጨበጧት። ጥቂት ቆይቼ አዲስ አስገባሁና አበራሁት። ማሽኑ ቃል ሳይጠይቅ ተነሳ፤ ቀንና ሰዓት ሙሉልኝ አለ።

«እኔ ልሙላው» አሉ። በአንድ ጣት ሰዓቱን አራት ከሩብ፣ ዓመቱን 2018፣ ወሩን ሁለት፣ ቀኑን ሃያ ዘጠኝ አሉት። ማሽኑ ሃያ ዘጠኙን አልቀበልም አለ። ደገሙት፤ እንደገና እምቢ።

«ምን ሆንሁ ይላል?»

«እሱ ዘንድ ሁለተኛው ወር ፌብሯሪ ነው፤ በሃያ ስምንት ያልቃል። ጥቅምት ሃያ ዘጠኝ የሚባል ቀን የለውም።»

«ታዲያ እሷ ምን ታደርግ ነበር?»

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

መነጽራቸውን አውልቀው አሰቡ። «ጥቅምት ማለቂያ ላይ ትበሳጭ ነበር። ምነው ስላት፣ ‹ሁለት ቀን ሙሉ የደብዳቤውን ቀን በእጄ ስጽፍ› ትላለች። ያኔ አልገባኝም።»

ሃያ ስምንት ብለው ጻፉ። ማሽኑ ተቀበለ።

«ነገም ሃያ ስምንት አደርገዋለሁ። ሰኞ ኅዳር አንድ እለዋለሁ። ወደ ቀኑ የሚያስገባው ቁልፍ የትኛው ነው?»

ኤፍ ቱ የምትለዋን አሳየኋቸው፤ ማሽኑ ሲነሳ ቶሎ ካልተጫኗት ታልፋለች። «አዲስ ቃል ላድርግበት?» ስላቸው «ኧረ ተወኝ፣ ልረሳው ነው?» አሉ። ከዚያ ማሽኑን አጥፍተው አበሩና ቁልፏን ራሳቸው ተጫኑ። አመለጠቻቸው። አጥፍተው ደግመው አበሩት።