የአርባው ቀን በገና

«በገናውን ነገ ይዤው እሄዳለሁ» አለ ነጋ፣ ለለቅሶ ከእንፍራንዝ በጭነት ማኪና የመጣው የሟች ወንድም። «ለአርባው ተዝካር ልጄ ይደረድርበታል።»

ትርንጎ ነጠላዋን እንዳደገደገች ከእናቷ ጎን ተነሣች።

«እኔ እደረድራለሁ፣ አያ።»

«የአባትሽን መዝሙር ታውቂዋለሽ?»

«መካከሉ ላይ እሳሳታለሁ። አርባው እስኪደርስ አውቀዋለሁ።»

ከለቀስተኞቹ አንዷ ለጎረቤቷ «ሐዘን ላይ ተቀምጣ ክር ልትነካካ ነው?» ስትል ትርንጎ ሰማች። ነጋም «ካልሆነልሽ ላኪብኝ» አላት፤ በገናውንም ትቶላት ሄደ።

ሟቹ አባቷ ገብረ ሚካኤል በጣሊያን ጊዜ በገናውን ጎተራ ውስጥ ደብቆ ያቆየ ሰው ነበር። ጣሊያን እንደወጣ አወጣውና አንዲት ልጁን ማስተማር ጀመረ። ትርንጎ በተሳሳተች ቁጥር መዝሙሩን እንደገና ከመጀመሪያው ትነሣ ነበር። አንድ ቀን አባቷ አውታሮቹን በመዳፉ አፈናቸው።

«የምታውቂውን ምነው ትደጋግሚዋለሽ? የሚያስቸግርሽን ብቻ ያዥ። ዝግ አድርጊው፤ ጣትሽ ከተጣደፈ ስሕተቱን ይለምደዋል። ሲሰለችሽ ደግሞ ተዪው፤ ነገም ቀን ነው።»

እሱም ቢሆን ሸምግሎ እንኳ አንዲት የምታስቸግረውን ቦታ ጠዋት ጠዋት ሲመላልስ ትሰማው ነበር።

ከሣልስቱ በኋላ ትርንጎ ለቀስተኛ ሳይመጣ ጓዳ እየገባች ያንኑ የምትሳሳትበትን የመዝሙሩን መካከል ብቻ ያዘች። እንግዳ ሲበዛ ነጠላዋ ሥር ጣቶቿን ጉልበቷ ላይ ታንቀሳቅሳለች። አንዳንዴ እንባዋ ይቀድማታል፤ ፊቷን ጠርጋ ትቀጥላለች። እናቷ ወለተ ሚካኤል ግን በገናው በተሰማ ቁጥር ተነሥታ ደጅ ትወጣለች። አትከለክላትም፣ አታዳምጣትምም።

በአርባው ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው፣ እንግዳውም በልቶ ሲያበቃ፣ ነጋ ራሱ በገናውን አምጥቶ ከፊቷ አቆመላት። ወለተ ሚካኤል እንደ ልማዷ ወጣች።

ትርንጎ ዝግ ብላ ጀመረች። መካከሉ ሲደርስ ነጋ እሷን ላለማየት አቀረቀረ። ጣቶቿ አልተጣደፉም፤ አንድ በአንድ አልፈውት ሄዱ። ነጋ ቀና ሲል ዓይኑ ረጥቦ ነበር።

«ሸጋ ነው» አለ።

መዝሙሩ ሲያልቅ እናቷ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። መጥታ አጠገቧ ተቀመጠችና የትርንጎን ግራ እጅ ወደ ጉልበቷ ሳበችው። የጣቶቿ ጫፍ ደድሯል፤ አንዱም ተሰነጣጥቋል።

«የእሱም እንዲህ ነበር» አለች።

ከዚያም ቅቤ አስመጥታ የልጇን ጣቶች አንድ በአንድ ቀባቻቸው። ቀብታም ስትጨርስ እጇን አልለቀቀችውም።